አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ቃል

እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ። ነገሩ የሆነው በሰው አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 2008፤ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ሚሊኒየሙን በተቀበልንበት ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ። አንድ የከተማው አስተዳደር ሠራተኛ ለስብሰባ ተጠራ። የተጠራው ግን ወደ ቢሮው አይደለም፤ ፖሊስና ፍርድ ቤት ወደሚገኙበት ሕንጻ ነው። ገብቶ ሲያይ አለቃው አለ፣ ከሰው ኃይል አስተዳደር የመጣ ሰው አለ፣ ፖሊስም አለ። ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ የተከፈተ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከስልኩ ማዶ ያሉት ባለሙያዎች የሚነገራቸውን ቃል ወዲያው ሊሞክሩ ይጠብቃሉ።

«ከሥራህ ተዛውረሃል» ተባለ። ቀጥሎ «የይለፍ ቃሉን ስጠን» ተባለ።

መጀመሪያ «እኔም ራሴ መግባት አልችልም» አለ። አጥብቀው ሲይዙት አንዳንድ ቃላት ሰጠ፤ ከስልኩ ማዶ ያሉት ሞከሩ፤ አንዱም አልሠራም። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ሰውየው በቁጥጥር ሥር ዋለ፤ ለዋስትናውም 5 ሚሊዮን ዶላር ተጠየቀ።

ስሙ ቴሪ ቻይልድስ ይባላል። የሚጠብቀው ነገር ደግሞ ፋይበርዋን የተባለው የከተማው ኔትወርክ ነበር። የሠራተኛው ኢሜይል፣ የደመወዝ ሰነዱ፣ የፖሊስ መረጃው፣ የእስረኞች ምዝገባው የሚመላለሰው በዚሁ ነው፤ በጊዜው እንደተዘገበው ከከተማው አስተዳደር የመረጃ ዝውውር 60 በመቶ ገደማውን ይሸከም ነበር። ቻይልድስ ይህን ኔትወርክ ራሱ ነድፎ፣ ራሱ ዘርግቶ፣ ራሱ ሌት ተቀን ይጠብቀዋል። በሙያው አሉ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ለማለፍ እጅግ ከባድ የሆነውን የሲስኮ ኩባንያን የኔትወርክ ፈተና ያለፈ ሰው። ሥራውን ከመውደዱ የተነሣ ንድፉን በቅጂ መብት በስሙ ሊያስመዘግብ ሞክሯል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነውና።

በጥንቱ ሥርዓታችን ጉልት ከሹመት ጋር ይሰጣል፤ ሹመቱ ሲነሣ ጉልቱም ለሰጪው ይመለሳል። ርስት ግን የዘር ነው፤ በቀላሉ አይነቀልም። የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ጉልት ነው። ቻይልድስ ርስት አደረገው። አለቆቹም ዓመት በዓመት እያዩ ዝም አሉት።

እንዴት ርስት እንዳደረገው ልንገራችሁ። ራውተር የሚባለው መሣሪያ የይለፍ ቃሉ ቢጠፋ የሚዳንበት መንገድ አለው። ባለሙያው መሣሪያው ያለበት ክፍል ይገባል፣ ገመድ ይሰካል፣ አጥፍቶ ያስነሣዋል፣ አዲስ ቃል ይሰጠዋል። ቻይልድስ ይህን መንገድ በአንዳንዶቹ መሣሪያዎች ላይ ዘጋው። ከዚያም አልፎ፣ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ የሚነግረው ዝርዝር በቋሚው ማስቀመጫ እንዳይቀመጥ አደረገ፤ መብራት ሲጠፋ በሚጠፋው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ላይ ብቻ ተወው። ከተማው ያለበትን ጭንቅ ተመልከቱ፦ ሳያጠፉ መግባት አይቻልም፤ ካጠፉ ደግሞ የኔትወርኩ ሥርዓት አብሮ ይጠፋል። ከሌባ ለመከላከል ነው ያደረግኩት ቢል ያስኬደዋል፤ ከሌባም ይከላከላል። ግን ባለቤቱንም ሌባ አድርጎ ነው።

የሚገርመው ኔትወርኩ አንድም ቀን አልቆመም። ቻይልድስ በእስር ቤት ተቀምጦ፣ ኢሜይሉ ይሄዳል፣ ደመወዙ ይከፈላል። አስተዳደሩ ግን የገዛ ንብረቱን ማዘዝ አቃተው። አዲስ መሣሪያ መጨመር የለም፤ ብልሽት ቢመጣም የሚጠግን የለም። ቻይልድስ ደግሞ «ለከንቲባው ካልሆነ ለማንም አልሰጥም» የሚል አቋም ያዘ። ኋላም ጁላይ 21 ቀን ከንቲባው ራሳቸው እስር ቤት ድረስ ሄዱ። ቃሉንም ከአፉ ተቀብለው ተመለሱ። ከንቲባው ጋቪን ኒውሰም ነበሩ፤ ከጊዜ በኋላ የካሊፎርኒያ ገዥ የሆኑት። የአንድ ትልቅ ከተማ ከንቲባ የይለፍ ቃል ለመቀበል ወደ እስር ቤት የሄደበት ሌላ ታሪክ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ሆነ። ዐቃቤ ሕግ ለማስረጃ ብሎ ወደ 150 የሚጠጉ የከተማውን የመለያ ስሞችና የይለፍ ቃላት በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ አያይዞ አቀረበ፤ መዝገቡም ለሕዝብ ክፍት ነበር። ምስጢር ደብቀሃል ብሎ ሰው የሚከሰው ወገን ምስጢሩን ራሱ አደባባይ አወጣው! ይህን ሳነብ ነው የገባኝ፤ የጎደለው የአንድ ሰው ታዛዥነት ብቻ አልነበረም። በመሥሪያ ቤቶቹ ሁሉ የይለፍ ቃል ምን እንደሆነ፣ በማን እጅ መሆን እንዳለበት፣ እንዴት እንደሚተላለፍ የተስማማ ሰው አልነበረም።

ክርክሩ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተቋጨ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 2010 የጁሪው አባላት ጥፋተኛ ነው አሉ። ክሱ «የመጠቀም ፈቃድ ላለው ሰው የኮምፒውተር አገልግሎት መንፈግ» የሚል ነበር። ከአባላቱ አንዱ ራሱ የኔትወርክ መሐንዲስ ነበር፤ የሙያ ባልደረባው ነው የፈረደበት ማለት ይቻላል። ያም ሰው ከፍርዱ በኋላ የከተማው ኃላፊዎችም ብዙ ማጥፋታቸውን ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ቻይልድስ አራት ዓመት ተፈረደበት፤ ቆይቶም ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሣ እንዲከፍል ታዘዘ። ይግባኙንም እ.ኤ.አ. በ2013 ተረታ።

እኔን ብትጠይቁኝ ፍርዱ ትክክል ነው። አለቃው «ስጠን» ያለውን የመሥሪያ ቤት ንብረት መያዝ አይገባውም ነበር። ሆኖም አንድ ነገር አልክድበትም፤ ማን እንደሚሰማ በማይታወቅበት በተከፈተ ስልክ ላይ የይለፍ ቃል ጮክ ብሎ መናገር የትኛውም ጥንቁቅ ባለሙያ የሚያደርገው አይደለም። ያን ስብሰባ ያዘጋጁት ሰዎች ሥራውን አያውቁትም ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ታሪክ ልውሰዳችሁ። ይኼኛው መረጃ የሚከማችበት የዳታቤዝ ሰርቨር ታሪክ ነው፤ ለመጀመሪያው ታሪክ ተቃራኒው ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ቃሉን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። በዚህኛው ቃል የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረም።

የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር «ኤስኤ» የሚባል አካውንት አለው። አብሮት የተወለደ ነው፤ ሶፍትዌሩ ሲጫን አብሮ ይመጣል። ሥልጣኑ ወሰን የለውም። ሠንጠረዥ ያነባል፣ ይለውጣል፣ ይሰርዛል፤ ሌላ ተጠቃሚ ይፈጥራል፣ ይሽራል። በዚያ ላይ ከዳታቤዙ ውስጥ ሆኖ ኮምፒውተሩን ራሱን የሚያዝበት ትእዛዝ ነበረው። ፋይል ቅዳ ቢለው ይቀዳል፤ ፕሮግራም አስነሣ ቢለው ያስነሣል። ይህን ሁሉ ሥልጣን የያዘው አካውንት በቀድሞዎቹ ዕትሞች ሲጫን የይለፍ ቃሉ ባዶ ነበር። የ2000ው ዕትም ቃል ስጡኝ ብሎ ይጠይቃል፤ ባዶውን ልተወው ለሚልም ይፈቅዳል። ሰው ደግሞ ቸኩሎ ነው የሚጭነው። «አሁን ይሥራልኝ እንጂ ኋላ አስተካክለዋለሁ» ይላል። ኋላ የሚባለው ቀን አይመጣም። ዳታቤዙ ከሌላ ፕሮግራም ጋር ተደብቆ የተጫነባቸው፣ እንዲህ ያለ ሰርቨር በቤታቸው መኖሩን እንኳ የማያውቁም ብዙ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2002 ገደማ፣ በእኛ 1994 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ አንድ ትል ወጣ። ትል የምለው በራሱ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመተውን ክፉ ፕሮግራም ነው። አንዳንዶች ስፓይዳ፣ አንዳንዶች ኤስኪውኤልስኔክ አሉት። አሠራሩ ብልጠት የሚባል አይደለም። ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚያደምጥበትን ፖርት 1433ን በየአድራሻው እየዞረ ያንኳኳል። ሲከፈትለት «ኤስኤ ነኝ» ይላል፤ የይለፍ ቃል ሲጠየቅ ባዶውን ይሰጣል። ባዶው ተቀባይነት ያገኘበት ቦታ ሁሉ የእሱ ነው። በዚያች ኮምፒውተሩን በምታዝ ትእዛዝ ተጠቅሞ፣ ለእንግዳ የተሠራውን ደካማ አካውንት ያነቃና ከአስተዳዳሪዎች ጎራ ያስገባዋል። ራሱን ይቀዳል። የኮምፒውተሩን ተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ምስጢራዊ ቅጂ ሰብስቦ በኢሜይል ይልካል። ከዚያ ወደ ሌላ አድራሻ ይሄዳል።

ሳይሄድ ግን አንድ ነገር ያደርጋል፦ የኤስኤን የይለፍ ቃል በዘፈቀደ በተገጣጠሙ ፊደላት ይለውጠዋል። ቃል መስጠት የሰነፈው ባለቤት ጠዋት ሲመጣ የማያውቀው ቃል ተሰጥቶበት ያገኘዋል።

በሌሎቹም ዳታቤዞች ቤት ያው ነበር። የኦራክል ዳታቤዝ ለብዙ ዘመን «ስኮት» ከሚባል የመለማመጃ ተጠቃሚ ጋር ይመጣ ነበር፤ የይለፍ ቃሉም «ታይገር»። ስኮት ከኩባንያው የመጀመሪያ ሠራተኞች አንዱ የሆነው ብሩስ ስኮት ነው፤ ታይገር ደግሞ ድመቱ። ዓለም ሁሉ ያንን ድመት ያውቀዋል፤ ድመቱን ሳይሽሩ የባንክና የመንግሥት መዝገብ ያስቀመጡ ግን ሞልተው ነበር። የማይኤስኪውኤል ዋና አካውንት «ሩት»ም ለዓመታት ያለ ይለፍ ቃል ነበር የሚጫነው፤ ሲጫን በዘፈቀደ የወጣ ጊዜያዊ ቃል መስጠትና ያንንም ወዲያው ለውጡ ማለት መደበኛ አሠራሩ የሆነው በ5.7 ዕትሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በጃንዋሪ 2017 ደግሞ ሞንጎዲቢ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ የደረሰውን እናስታውሳለን። ያለ ምንም ይለፍ ቃል በኢንተርኔት ላይ የተዘረጉ በሺዎች የሚቆጠሩ ዳታቤዞች ባዶ ተደረጉ፤ በምትካቸውም «0.2 ቢትኮይን ክፈሉና እንመልስላችኋለን» የሚል ማስታወሻ ተቀመጠ። የከፈሉም ብዙዎቹ አልተመለሰላቸውም።

እንግዲህ ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ ስታስቀምጧቸው ጥፋቱ አንድ ነው። በሁለቱም ቦታ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ መሥሪያ ቤቱ አልወሰነም። ስላልወሰነ፣ በአንዱ ቦታ አንድ ሰው ወሰደው፤ በሌላው ያገኘ ሁሉ ወሰደው።

ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ዋናውን አካውንት ለዕለት ሥራ አይነኩትም። ኤስኤን ያግዱታል፤ በኤስኪውኤል ሰርቨር አንድ መስመር ትእዛዝ ነው የሚፈጀው። እያንዳንዱ አስተዳዳሪ በስሙ የራሱ አካውንት ይኖረዋል። ሦስት ሰው በአንድ ኤስኤ ሲገባ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው «ኤስኤ ሰረዘው» ብቻ ነው፤ ማን እንደሰረዘው መድኃኔ ዓለም ይወቅ። በየስሙ ሲሆን ግን ንጹሑ ሰው ከጥርጣሬ ይድናል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ የግል አካውንት ሐቀኛውን ሠራተኛ ይከላከልለታል።

ፕሮግራሞችም እንደ ሰው ነው የሚታዩት። የሆስፒታል የቀጠሮ ፕሮግራም ቀጠሮ ማንበብና መጻፍ ይበቃዋል፤ ሠንጠረዥ መሰረዝ ምን ያደርግለታል? ዳታቤዙ «ግራንት» በሚለው ትእዛዝ መብት ይሰጣል፣ «ሪቮክ» በሚለው ይነሣል፤ መብቱ በሠንጠረዥ፣ በዓምድ፣ በሥራ ዓይነት ተከፋፍሎ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ሁሉ መሣሪያ ከአርባ ዓመት ገደማ ጀምሮ በኤስኪውኤል ቋንቋ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ሆኖም የብዙ ፕሮግራም የማዋቀሪያ ፋይል ቢከፈት ዛሬም የሚገኘው የዋናው አካውንት ስምና የይለፍ ቃል ነው፣ በግልጽ ጽሑፍ። ፕሮግራመሩ «መብት የለህም» የሚል መልእክት ስላሰለቸው ሁሉንም መብት ሰጥቶ ተገላገለ። ይህን ነገር አጥብቄ እቃወማለሁ። ያ መልእክት ሲመጣ ዳታቤዙ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ምን መብት እንደጎደለ አይቶ ያቺን ብቻ መስጠት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ሠራተኛስ ሥራ ሲለቅ? የግል አካውንቱ በዚያው ቀን ይታገዳል፤ የሚያውቃቸው የጋራ ቃሎች ሁሉ ይለወጣሉ። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚጥል ጉድጓድ አለ። የሌሊቱን ባክአፕ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ፣ የሚወስደው ሥራ በለቀቀው ሰው አካውንት ሥር ተመዝግቦ ከሆነ፣ አካውንቱ ሲታገድ ባክአፑም ጸጥ ብሎ ይቆማል። የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ ባክአፑ በተፈለገ ቀን ነው። ስለዚህ እንዲህ ያሉ የማያቋርጡ ሥራዎች ለሥራው በተለየ አካውንት እንጂ በሰው ስም አይመዘገቡም።

አንድ ቀሪ ምስጢር አለ፤ ቻይልድስን ያስታውሳችኋል። የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ቢጠፋም መውጫ መንገድ አለው። ኤስኪውኤል ሰርቨርን በነጠላ ተጠቃሚ አሠራር ቢያስነሡት፣ የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ሙሉ ሥልጣን ይዞ ይገባል። ማይኤስኪውኤልንም የመብት ሠንጠረዦቹን ሳያነብ እንዲነሣ ማዘዝ ይቻላል፤ ያኔ ማንንም ቃል አይጠይቅም። ፖስትግሬስ የተባለውም ዳታቤዝ በማዋቀሪያ ፋይሉ አንድ መስመር ብትለውጡለት ያለ ቃል ያስገባል። መልካሙ ዜና መሥሪያ ቤቱ ከገዛ መረጃው ውጭ ሆኖ አይቀርም ማለት ነው። ክፉው ዜና ደግሞ ሰርቨሩን በእጁ ያስገባ ሰው ዳታቤዙንም አስገብቷል ማለት ነው። የዳታቤዙን ቃል ሃያ ፊደል አድርጋችሁ የሰርቨር ክፍሉን ክፍት ብትተዉት፣ ወይም የኮምፒውተሩን አስተዳዳሪነት ለሁሉ ብትሰጡት፣ የደከማችሁት በከንቱ ነው።

የዋናውን አካውንት ቃልስ ማን ይያዘው? ጥሩ ልማድ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ረጅም ቃል ያወጣሉ፤ በፖስታ አሽገው፣ ማኅተም አድርገው፣ በካዝና ያስቀምጡታል፤ ወይም የይለፍ ቃል ማስቀመጫ በሆነ ሶፍትዌር ይቆልፉታል። አንድ ሰው ብቻውን አይከፍተውም፤ ሁለት ሰው ይፈርማል። ከተከፈተ ምክንያቱ ይጻፋል፤ ሥራው እንዳለቀም ቃሉ ይለወጣል። ማን ምን እንደሠራ የሚመዘገብበት ሎግ ደግሞ ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ሰው ሊሰርዘው ወደማይችልበት ሌላ ሰርቨር ይላካል። ሳን ፍራንሲስኮ ያንን የታሸገ ፖስታ ብትይዝ ኖሮ ከንቲባዋ እስር ቤት አይሄዱም ነበር፤ ቻይልድስም ምናልባት እስር ቤት አይገባም ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ነገሩ ከእኛም ደጅ ስለደረሰ ነው። ባንኩ፣ ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ቀበሌው ሳይቀር መዝገቡን ወደ ዳታቤዝ እያዞረ ነው። የሰው ስም፣ የእናት ስም፣ የደም ዓይነት፣ የቁጠባ ሂሳብ አንድ ሰርቨር ላይ ያድራል። ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 958 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ የግል መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው የሚያስገድደው አዋጅ ቁጥር 1321ም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ሕጉ አለ። ሕጉ ግን የኤስኤን ቃል አይለውጥም፤ የሚለውጠው በዚያ ወንበር የተቀመጠው ሰው ነው።

ስለዚህ ኃላፊ የሆናችሁ ሁሉ ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ የዳታቤዝ አስተዳዳሪያችሁን በአክብሮት ጠርታችሁ አንድ ነገር ጠይቁት፦ አንተ ዛሬ ብትታመም በማን ስም፣ በምን መንገድ እንገባለን? መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ፖስታውን ክፈቱ፣ ቃሉን ሞክሩት፣ ቀይሩት፣ መልሳችሁ አሽጉት። አስተዳዳሪ የሆንክ ወንድሜ፣ አስተዳዳሪ የሆንሽ እህቴ፣ አለቃ እስኪጠይቅ አትጠብቁ፤ ፖስታውን እናንተ አዘጋጁትና አስፈርማችሁ አስረክቡ።